ቦረና ላይ ከብት ሲረክስ ካራ ላይ ለምንድነው ማይረክሰው?

ሰንዳፋዋ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። እኔና ባለቤቴ ሰንዳፋ ነው ምንኖረው፣ ግቢያችን ውስጥ ትንሽ ትንሽ ከብት እናደልባለን፣ ባንዴ አራት አምስት ወይፈን አስገብተን ሦስት ወር ቀልበን ለፋሲካ ወይ ለእንቁጣጣሽ አዲስ አበባ ካራ የከብት ገበያ አውጥተን እንሸጣለን። ምንገዛቸው ወይ ከአካባቢው ገበሬ ነው ወይ ከራሱ ከካራ። ጥያቄዬ ምን መሰላችሁ፣ ያ ከ2013 እስከ 2015 የነበረው ድርቅ ጊዜ፣ አምስት ዝናብ በተከታታይ የቀረበት፣ ቦረና ላይ የከብት ሬሳ ሜዳውን ሞልቶት በቴሌቪዥን እያየን ሰው ከብቱን በማይረባ ብር እየሸጠ ነው ሲባል እንሰማ ነበር፣ እኛ ግን ካራ ስንወጣ ዋጋው ንቅንቅ አላለም እንደውም ጨምሯል። አሁንም በጋ በገባ ቁጥር ምሰማው ያንኑ ነው፣ እዛ ረከሰ እዚህ ተወደደ። ታዲያ መሃል ላይ ያለው ብር የት ነው ሚገባው? ደላላ ነው ሚበላው? እንደዛ ከሆነ እኛ የሰፈሩ አድላቢዎች ተሰባስበን መኪና ተከራይተን ቦረና ያቤሎ ድረስ ወርደን ብንገዛ ለነሱም የተሻለ ከፍለን እኛም አንጠቀምም ወይ?

ባለቤቴ ሪስክ አለው ይላል፣ እኔ ግን ያ ሁሉ ከብት ሜዳ ላይ ወድቆ ሲቀር እያየሁ እዚህ ደግሞ ከብት አጥተን በውድ ስንገዛ ልቤ እምቢ አለኝ። ስራውን ምታውቁ ሰዎች እባካችሁ አስረዱኝ፣ በተለይ የቦረና የሶማሌ የከረዩ ልጆች ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ ሰዎቹ ራሳቸው ዋጋ ጥሩ እያለ ለምንድነው ቀድመው ማይሸጡት? ንቀት እንዳይመስላችሁ፣ የምር ማወቅ ፈልጌ ነው።


አቃቂ በረት፦

እህቴ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው፣ እኔ በዚሁ ስራ ነው ምኖረው፣ ከቦረና እየጫንኩ አዳማም አዲስ አበባም አወርዳለሁ። ደላላው ደላላው እያለ ሰው ሁሉ ይጮሃል፣ ደላላ አይበላም አልልም ግን ያየሽውን ልዩነት ደላላ ብቻውን አያመጣውም። ሂሳቡን በኪሎ አስቢው እንጂ በከብት አታስቢው።

እንበል ጥሩ ዝናብ ዘንቦ 300 ኪሎ ሚመዝን ኮርማ ያቤሎ ላይ ጫንሽ። ያቤሎ አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በሀገረ ማርያም በዲላ በሐዋሳ በሻሸመኔ አድርጎ፣ ከብቱ ኤፍኤስአር ጭነት መኪና ላይ እንደቆመ ውሃም ሳር ሳይቀምስ ነው ሚመጣው፣ ከክብደቱ ከመቶ እስከ 10 እጁን መንገድ ላይ ይጥላል። ስለዚህ 270 ኪሎ ሆኖ ወረደልሽ፣ ሲታረድ ግማሹም አይሞላም ሥጋው፣ 130 ኪሎ ገደማ ነው በይው። አሁን ደግሞ የድርቁን ከብት ውሰጂ፣ አጥንቱ የወጣ 180 ኪሎ ሚሆን፣ መንገድ ላይ ቀንሶ 162፣ ከሳ ከብት ደግሞ ሥጋው ከዛም ያንሳል፣ ታርዶ 70 ኪሎም አይሞላ። የመኪናው ኪራይ ግን ለወፍራሙም ለከሲታውም በራስ እኩል ነው፣ የኮቴውም ክፍያ፣ ማለትም በየኬላው በከብት ሚከፈለው ቀረጥ፣ እንደዛው፣ የጫኚውም የጠባቂውም። ስለዚህ ያ በማይረባ ብር ተሸጠ የተባለው ከብት እዚህ ደርሶ በሥጋ ኪሎ ሲሰላ ብዙ ጊዜ ርካሽ አይደለም። ያም የሚሆነው በህይወት ከደረሰ ነው። የደከመ ከብት መኪናው ውስጥ ከተኛ አበቃ ሌሎቹ ይረግጡታል፣ ሌሊት እየቆምን ጭራውን ይዘን ምናስነሳው ለዛ ነው። ከሎዱ ሁለት ከሞተብሽ የቀሩት ትርፍ የሞቱትን እዳ ሲከፍል ነው ሚያልቀው።

ሌላው ኬላው ነው። በየወረዳው ኮቴ አለ፣ ደረሰኝ ያለውም የሌለውም አለ፣ መንገድ በጸጥታ ምክንያት የተዘጋ ቀን ደግሞ ከብቱ መኪና ላይ እንዳለ ውለሽ ታድሪያለሽ። እሱ ወጪ የትም ወረቀት ላይ አይጻፍም ግን ዋጋው ውስጥ አለ።

ከዛ ደግሞ ካራ ብቻ አይደለም ገዢው። የቦረና ኮርማ ሳይኮላሽ አዳማ ያሉት የኤክስፖርት ማድለቢያዎች ይፈልጉታል፣ በቁሙ በጅቡቲ አድርጎ ይወጣል። ሞያሌ በኩል ደግሞ የኬንያ ገበያ ይስበዋል፣ የነሱ ሽልንግ የተሻለ ሲከፍል ከብቱ ወደ ናይሮቢ ነው ሚያመራው ማንም አያቆመውም። እንግዲህ ጥሩ ጥሩው እንደዛ ሆኖ ነው ሚበተነው፣ ወደኛ ሚመጣው ከተረፈው ነው። በዛ ላይ ካራና ጉለሌ ሚወጣው ከብት አብዛኛው ከሸዋ ከአርሲ ከጅማ ከወሎ በኩል የመጣ የደጋ በሬ ነው፣ የቦረና ዋጋ ቢወድቅም የዛን ዋጋ ይዞት አይወርድም።


ሉካንዳ ቃሊቲ፦

አቃቂ በረት ያለው ልክ ነው ግን ደላላውን በጣም አቀለልከው ወንድሜ። እዚህ ከተማው በር ላይ ያለው ደላላ እኮ ሻጭና ገዢ እንዳይገናኝ ነው ሚሰራው፣ ከብቱ ከመኪና ሳይወርድ ገመዱን ይይዛል፣ ሻጩ በምን ዋጋ እንደሰጠ እኔ አላውቅም እኔ ስንት እንደከፈልኩ ሻጩ አያውቅም። ገጠር ያለው ደላላ ምናልባት ይሻላል፣ እዚህ ያለው ግን አንገት ላይ ነው ሚቆመው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ድሮ ቆዳው የራሱ ዋጋ ነበረው፣ ባለ ሉካንዳ የበሬውን ዋጋ ሲያሰላ ቆዳውን ይቀንስ ነበር። ዛሬ ቆዳ ገዢ የለውም፣ በበዓል ማግስት የበግ ሌጦ በየመንገዱ ተጥሎ ምታዩት ነው። ስለዚህ የበሬው ብር በሙሉ ከሥጋው ነው ሚወጣው። ከዛ ላይ የዐቢይ ጾም 55 ቀን አለ፣ ረቡዕና አርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ቤት ኪራይ ግን አይጾምም። ያንን ሁሉ በፍስክ ቀን ኪሎ ላይ ነው ምንጭነው። ወደ ላይ ሚወጣውን ዋጋ ስታዩ ይሄንንም አስቡልን።


የዱብሉቅ ልጅ፦

ሰንዳፋዋ እህቴ፣ ንቀት አልመሰለኝም፣ ሰው ሲጠይቅ ደስ ይለኛል ምክንያቱም ብዙው ሳይጠይቅ ነው ቦረና ከብት ቆጥሮ መኩራት ብቻ ይወዳል ብሎ ሚፈርደው። ተወልጄ ያደግኩት ቦረና ዱብሉቅ አካባቢ ነው፣ አሁን ገላን ነው ምኖረው፣ ቤተሰቦቼ እዛው ከብት ላይ ናቸው። ለምን ቀድመው አይሸጡም ላልሽው ረዘም አርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ የዝናቡን ነገር እወቂ። ሁለት ዝናብ ነው ያለን፣ ዋናው ገንና ሚባለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ ሀገያ በመስከረምና በኅዳር መሃል። ዝናብ ሲዘንብ ሳር አለ፣ ላም ትወልዳለች፣ ወተት አለ፣ ቤተሰቡ ይጠግባል፣ ከብቱም ሥጋ ይይዛል ዋጋውም ጥሩ ይሆናል። ግን ያኔ ብር ምን ያረግልሻል? ምግቡ ቤት ውስጥ ነው ያለው። በጋው ሲገፋ ደግሞ ወተት ይነጥፋል፣ እህል መግዛት የግድ ይሆናል፣ እህል ደግሞ በዛው ሰዓት ነው ሚወደደው። ያኔ የዱብሉቅም የሐሮ በኬም የኤልወያም ሰው ሁሉ ባንዴ ከብቱን ይዞ ይወጣል፣ ሁሉም ሻጭ ነው፣ ከብቱ ከስቷል፣ ዋጋ ይወድቃል። ዋጋ በወደቀ መጠን ያንኑ አንድ ኩንታል በቆሎ ለመግዛት ከድሮው ብዙ ከብት መሸጥ አለብሽ፣ ብዙ ስትሸጪ ደግሞ ዋጋው ጨርሶ ይወርዳል። ነጋዴው ይሄን ያውቃል፣ አርብቶ አደሩም ያውቃል፣ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

ታዲያ እያወቀ ለምን? ምክንያቱም ሌላው መንገድም ኪሳራ አለበት። ሰው ከብት የአርብቶ አደር ባንክ ነው ይላል፣ ባንክ ግን አይወልድም ወተትም አይሰጥም። አንድ ዘመዳችን ከድርቁ በፊት የተማሩ ልጆቹን ሰምቶ ጥሩ ቁጥር ያለው ከብት ሸጦ ብሩን ባንክ አስገባ፣ ሰው ሁሉ ብልህ ነው አለው፣ እውነትም ድርቁ መጥቶ የሌላው ሲያልቅ የሱ ብር ቁጭ ብሎ ነበር። ዝናቡ ሲመለስ ከብት ልግዛ ብሎ ገበያ ወጣ፣ በሸጠበት ብር ግማሹን እንኳ መመለስ አቃተው፣ ምክንያቱም ከድርቅ በኋላ ሁሉም ሰው ጊደር ፈላጊ ነው፣ የተረፈች ጊደር ዋጋዋ አይቀመስም። ላንዳንዱ ደግሞ ብሩ እስከ ሐምሌ 2016 ባንክ ቆይቶ ብር ሲንሳፈፍ ዋጋው እንዴት እንደወደቀ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ከብት ይዞ መቆየትም ቁማር ነው፣ ብር ይዞ መቆየትም ቁማር ነው፣ ሽማግሌዎቹ ያንን አስልተው ነው በሚያውቁት ሚቆዩት።

ሌላው ሰው ሚረሳው ነገር፣ ሁሉም ከብት ለገበያ አይደለም። ላም አትሸጥም፣ ጊደር አትሸጥም፣ ሰው ያቺን ከሸጠ እጁ አልቋል ማለት ነው። ሚሸጠው ወንዱ ነው፣ ወንዱና ያልወለደችው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፎራ ነው ያለው፣ ማለትም ከቤት ርቆ ሳርና ውሃ እየተከተለ ከጎረምሶቹ ጋር። ሚታለቡት ቤት ቀርተው። ስለዚህ ዛሬ ዋጋ ጥሩ ነው ተብሎ ነገ ተነስቶ ገበያ ማውጣት አይቻልም፣ ከብቱ ያለው ስንት ቀን መንገድ ርቆ ነው። መቶ ከብት ያለው ሰው ከዛ ውስጥ ጥሩ ኮርማ መርጦ ጊዜ ጠብቆ መሸጥ ይችላል። አምስት ከብት ያለው ሰው ግን ለልጁ ደብተርም ለህመምም ለእህልም ያልደረሰውን ወይፈን ገና ሳያድግ ነው ሚሸጠው፣ ያ ወይፈን ሁለት ዓመት ቢቆይ እጥፍ ያወጣ ነበር፣ ያን እጥፍ ሚበላው አንተ ነህ አንቺ ነሽ አድላቢው ነው። ይሄን ለመውቀስ አይደለም ምለው፣ ግን ድሃው ከሀብታሙ ባነሰ ዋጋ እንደሚሸጥ እወቁት።

ደግሞ ከብቱ ሁሉ የአባወራው ብቻ አይደለም። ደባሬ የተሰጠች ላም አለች፣ ለቸገረው ዘመድ እየታለበች እንድትቆይ የተሰጠች። ከብቱ ላለቀበት ሰው ጎሳው ተሰብስቦ ቡሳ ጎኖፋ ያወጣለታል፣ ካንተ አንድ ካንተ አንድ ተብሎ መቆሚያ ይሰጠዋል። ከብቱን በሙሉ ሸጦ ከተማ ቤት የሰራ ሰው ነገ ሲቸግረው ማን ያወጣለታል? እሱም ለሌላው ሚያወጣው ከብት የለውም። ይሄ ሂሳብ ውስጥ የለም ብላችሁ እንዳታስቡ፣ ዋነኛው ሂሳብ እሱ ነው።

ግን ችግሩ ሁሉንም በአንዴ የመታ ጊዜ ቡሳ ጎኖፋም አቅም ያጣል። ሽማግሌዎች ሲቆጥሩ በ76 እና በ77 አለቀ፣ በ84 እና በ85 አለቀ፣ በ91 እና በ92 አለቀ፣ በ2003 ተመታ፣ ከዛ ይሄ የ2013ቱ መጣ። ሰዉ በዝቷል፣ ግጦሹ በቁጥቋጦ ተወሯል፣ ከብቱ ቁጥሩን ሳይሞላ ሌላው ይደርሳል። አሁን ብዙ ሰው ወደ ፍየልና ወደ ግመል እየዞረ ነው፣ እናቴ ራሷ ቤቱን ስትይዝ የነበረው በፍየሎቿ ነው፣ ፍየል ቶሎ ትወልዳለች ቶሎ ትሸጣለች ማንንም ማስፈቀድ የለባትም።


ሰንዳፋዋ፦

እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፣ አቃቂ በረትም ሉካንዳ ቃሊቲም። እውነቱን ለመናገር ይሄን ያህል አልጠበቅኩም ነበር፣ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩለት። ያ ወይፈን ገና ሳያድግ ሚሸጠው ያልከው ልቤን ነካው፣ እኛ ካራ ስንገዛ ምንመርጠው እኮ ያንኑ ነው፣ ያልደረሰ ግን አጥንቱ ሰፊ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ ድርቅ ሊመጣ ነው ሲባል ቀድሞ ሚገዛ ሰው ቢኖርስ፣ ማለቴ ከብቱ ሳይከሳ? ሁለተኛ እኛ እዚህ ድርቆሽም ፍሩሽካም አለን፣ ከሲታውን አምጥተን ብንቀልበውስ? መንገዱን ከቻለ ማለቴ ነው።


የእንስሳት ሐኪም ሱሉልታ፦

ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። ከቆላ የመጣ የተራበ ከብት ከመኪና አውርደሽ በአንዴ ፍሩሽካና ፋጉሎ (ዘይት ተጨምቆ ሚቀረው) ከሞላሽለት ትገድይዋለሽ፣ ሆዱ ያንን ለመፍጨት ዝግጁ አይደለም፣ አሲድ ይሰራና በሁለት ሦስት ቀን ይወድቅብሻል። መጀመሪያ ውሃ በትንሽ በትንሹ፣ ከዛ ድርቆሽና ጭድ ብቻ፣ ከዛ ነው ፍሩሽካው በየቀኑ ትንሽ እየተጨመረ ፋጉሎው መጨረሻ ላይ ሚመጣው። የመንገድ ድካም ደግሞ የሳንባ ምች ያመጣል፣ ወርዶ ሳምንት ሳይሞላው ማሳልና ማንኮራፋት የጀመረ ከብት ካየሽ ቶሎ ሐኪም ጥሪ። ከነባሮቹ ለይተሽ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አቆዪው፣ አፈማዝ ማለትም የአፍና የእግር በሽታ ይዞ ቢመጣ ግቢሽ ያለውን ሁሉ ነው ሚያስይዘው፣ አባሰንጋም ክትባቱን ጠይቂ። የትል መድኃኒት ሳይሰጥ ቀለብ መስጠት ትሉን መቀለብ ነው።

ከዛ ደግሞ አንድ ነገር አትርሺ፣ ቦረና ደርቆ ከብት በሚረክስበት ሰዓት እዚህም መኖ ተወዷል። የሱሉልታ ድርቆሽ በጥቅምትና በኅዳር ሲታጨድ ነው ዋጋው ደህና ሚሆነው፣ ከዛ በኋላ እየወጣ ይሄዳል፣ ግንቦት ላይ ጭንቅ ነው። ከሲታ ከብት በርካሽ ገዝቶ በውድ ድርቆሽ መቀለብ ሰው ሚከስርበት ዋነኛው መንገድ ይሄ ይመስለኛል። ሥጋ ይዞ የመጣውን ከብት ማድለብና አጥንቱን ማልበስ አንድ አይነት ወጪ አይደለም።


ኤጀሬ፦

የመጀመሪያውን ጥያቄሽን በተመለከተ እሱ እኮ ተሞክሯል፣ ጥሩም ሰርቷል። በ1998 ዓ.ም. ሞያሌ አካባቢ ድርቅ ሲጠነክር ሴቭ ዘ ችልድረን የተባለው የእርዳታ ድርጅት የግል ላኪ ነጋዴዎችን ከአርብቶ አደሩ ጋር አገናኝቶ፣ ለመነሻ ብድር ሰጥቶ፣ ነጋዴዎቹ 20 ሺህ ገደማ ከብት ገዝተው ጫኑ። አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማለት ነው፣ ከአምስት ሺህ በላይ ቤተሰብ እጅ ገባ። ሰዉ ብሩን ምን አረገው ሲባል እህል ገዛ፣ ለቀሩት ከብቶች መኖ ገዛ፣ ሳር ወዳለበት በመኪና አስጫነ፣ መድኃኒት ገዛ። ማለትም የተሸጠው ያልተሸጠውን አዳነ። ነጋዴው ደግሞ እየከሰረ አልነበረም፣ ገዝቶ አድልቦ ሸጧል። ለኔ ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው፣ ከብቱ መራመድ እየቻለ መኪናው ከደረሰ ሁሉም ይጠቀማል፣ ሦስት ሳምንት ከዘገየ ያው ቆዳ ነው ሚቀረው።

ሌላው የከብት ኢንሹራንስ አለ፣ ቦረና ላይ በ2004 ዓ.ም. ነው የተጀመረው፣ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ እዚሁ ጉርድ ሾላ ጋ ካለው የእንስሳት ምርምር ተቋም ከኢልሪ ጋር ሆኖ። ሳተላይት ግጦሹ ምን ያህል አረንጓዴ እንደሆነ ያያል፣ ከተወሰነ በታች ሲወርድ ይከፈላል፣ ከብትህ ሞተ አልሞተ ማንም መጥቶ አይቆጥርም። ጥሩ ሃሳብ ነው ግን ሳተላይቱ ሚያየው ሰፊ አካባቢ ነው፣ ያንተ ሰፈር ደርቆ ጎረቤት ቀበሌ ዘንቦ ከሆነ ላይከፈልህ ይችላል፣ ሰዉ ቅር ሚለው እዛ ላይ ነው።


አቃቂ በረት፦

ኤጀሬ ያነሳው የሞያሌው ልክ ነው፣ አሁን ላይ ግን ድርጅት እስኪመጣ አይጠበቅም። እኛ ነጋዴዎችም ጥፋት አለብን፣ ሰው ሲጨንቀው ነው ምንወርደው። ደህናው ጊዜ ላይ ወርደህ ትንሽ ከፍ አርገህ ብትገዛ ዓመቱን ሙሉ ያውቁሃል፣ በዱቤም ይሰጡሃል። ሰው አያውቅም እንጂ ይሄ ስራ ግማሹ በዱቤ ነው ሚሄደው፣ ትንሹ ሰብሳቢ ከጫካ ገበያ ይሰበስብና ላንተ ይሰጥሃል፣ አንተ አዳማ ሸጠህ ነው ምትልክለት። እዛ ያለው ደላላ ደግሞ ዋስ ነው፣ ከብቱ የተሰረቀ አለመሆኑን፣ ሻጩ ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ነገ ባለቤት ነኝ ባይ ቢመጣ እሱ ነው ሚመሰክርልህ። ሉካንዳ ቃሊቲ ካለው የከተማ ደላላ ጋር አንድ አታርጉት፣ እዛ ያለ ደላላ የገዛ ሰው ከብቱን ኬላ ላይ ሲቀማ አይቻለሁ።


ሰንዳፋዋ፦

እሺ አሁን በደንብ እየገባኝ ነው። ስለዚህ ርካሽ ከብት ፍለጋ ሳይሆን ደህና ከብት በደህና ጊዜ መግዛት ነው ምትሉኝ። እዚህ ሰፈር ከኛ ጋር ሚያደልቡ ሰዎች አሉ፣ አንድ ኤፍኤስአር ለመሙላት እንበቃለን። ለፋሲካ ብናስብ መቼ ነው መውረድ ያለብን? ኅዳር ላይ ሀገያ እንዳበቃ ብንወርድ ሦስት ወሩ ሚያልቀው ጾም መሃል ነው፣ እሱ ነው የከበደኝ።


የእንስሳት ሐኪም ሱሉልታ፦

ኅዳር ከገዛሽ ድርቆሹም ርካሽ ነው ያኔ። መጀመሪያ በድርቆሽና በጭድ ብቻ አቆዪው፣ ከመንገድ ድካም ያገግማል አየሩንም ይለምዳል፣ ፍሩሽካና ፋጉሎውን ፋሲካ ሦስት ወር ሲቀረው ጀምሪ። ብርሽ ረዘም ላለ ጊዜ ይያዛል፣ እሱን አስልተሽ ግቢበት።


የዱብሉቅ ልጅ፦

እኔ ብሆን መጀመሪያ በእንቁጣጣሽ እሞክር ነበር። ገንና ደህና ከዘነበ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከብቱ ሙሉ ነው፣ ሦስት ወር ቀልበሽ ለእንቁጣጣሽ ለመስቀል ይደርስልሻል፣ መስቀል ደግሞ ጉራጌው ሰንጋ ሚፈልግበት ነው። ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ሰኔ ላይ ወተት አለ፣ ሰዉ አልቸገረውም፣ በቴሌቪዥን በሰማሽው ዋጋ ሚሰጥሽ የለም፣ ተከራክሮ ነው ሚሸጥልሽ፣ አልሸጥም ብሎ ከብቱን ይዞ ሚመለስም አለ። ያ ዋጋ ነው ትክክለኛው ዋጋ፣ በሱ ገዝታችሁ ካዋጣችሁ ስራው ያዋጣል ማለት ነው። ያልደረሰ ወይፈን አትግዙ፣ ደረስ ያለውን ኮርማ ግዙ፣ ለሻጩም ለናንተም እሱ ነው ሚሻለው።

ገበያው ላይ በሚዛን ሚሸጥልሽ የለም፣ ሁሉም በዓይን ግምት ነው፣ ነጋዴው ከናንተ በላይ ዓይኑ የሰላ ነው። የደረት ዙሪያ ምትለኩበት ሜትር ያዙ፣ ሐኪሙን ጠይቂው እንዴት ወደ ኪሎ እንደሚቀየር ያሳይሻል፣ ሙሉ በሙሉ ልክ ባይሆንም ከግምት ይሻላል። ኮቴ በከፈላችሁበት ሁሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። ባለቤትሽም አብሮ ይውረድ፣ ኦሮምኛ ሚችል ሰው ከመሃላችሁ ይኑር። ግንቦት መጨረሻ ላይ እዚህ ጻፊልኝ፣ ዝናቡ እንዴት እንደነበረና ዱብሉቅና ሐሮ በኬ ኮርማ በስንት እየወጣ እንደሆነ ከቤተሰብ ጠይቄ እነግርሻለሁ፣ ካልዘነበ ዘንድሮ ይቅርባችሁ እልሻለሁ።